ደንን እየቈረጡ ስለ ማቆየት
ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ምርጥ ዘር አይደለም። በእንግሊዝ አገር፥ ከሎንዶን ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ ስለሚገኝ፥ ኤፒንግ ስለሚባል አሮጌ ደን ነው። «የፈረንጅ ደን ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል ቢኖር፥ ነገሩ የገበሬ ነገር ነውና ጥቂት ይታገሠኝ። ይህ ደን እስከ ዛሬ የቆመው ከብት የሚያሰማሩና ማገዶ የሚቈርጡ ሰዎች መብታቸውን አንለቅም ስላሉ ነው።

ወደዚያ የሄድሁት ለአጭር ትምህርት እንግሊዝ አገር በነበርሁበት ጊዜ፥ በዕረፍት ቀኔ፥ ብቻዬን ነው። ብቻውን በሰው አገር የሚጓዝ ሰው የሚያጫውተው የለም፤ ምሳውንም ከዛፍ ሥር ለብቻው ይበላል፤ ይህም ለእኛ ለአበሾች ከባድ ነገር ነው። ቢሆንም አንድ ጥቅም አለው። በቡድን የሄደ ሰው አስጐብኚው ያሳየውን አይቶ ይመለሳል፤ ብቻውን የሄደ ግን መንገዱንም ዛፉንም ያገኘውን ሰው እያስቆመ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል።

ላውተን ከምትባል ከተማ ከባቡር ወርጄ በእግሬ ወደ ደኑ ገባሁ። የዛፎቹ መልክ አስደነቀኝ። ግንዱ ከሰው ቁመት ጥቂት ከፍ እንዳለ እንደ ጡጫ ያብጣል፤ ከዚያ እብጠት ላይ ወፋፍራም ቅርንጫፎች እንደ ጣት ተዘርግተው ይወጣሉ። በደኑ ውስጥ እንዲህ ያለ አሮጌ ዛፍ 50,000 ያህል አለ። ውሻውን ይዞ ይንሸራሸር የነበረ አንድ ሽማግሌ ይህ ምን በሽታ ነው ብዬ ብጠይቀው፥ ሥቆ «በሽታ አይደለም፤ የመጥረቢያ ሥራ ነው» አለኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ባሕር ዛፍ ሲቈረጥ ከጉቶው እንደሚያቈጠቍጥ ታውቃላችሁ። ከጉቶው የወጣውን ለጋ ቀንበጥ ግን ብዙው ዛፍ ላይ ከብት ይበላዋል። ስለዚህ የኤፒንግ ሰዎች ሆርንቢም፥ ቢችና ኦክ የሚባሉትን ዛፎቻቸውን የከብት አፍ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይመለምሉ ነበር። ከላይ ማገዶ ይገኛል፥ ከታች ከብት ይግጣል፥ ግንዱም አይሞትም። ከዓመታት በኋላ ቅርንጫፉ ሲወፍር ተመልሰው ይቈርጡታል። ዛፉም ራሱ ስለማይከብድበት ነፋስ አይጥለውም፤ በዚህ ምክንያት ካልተመለመለው ዛፍ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል። በላውተን ምልመላው የሚፈቀደው በፈረንጅ አቆጣጠር ከኅዳር 11 እስከ ሚያዝያ 23 ብቻ ነበር፤ ይኸውም ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ የሚያርፍበት ወራት ነው።

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ። በአቅራቢያው ሄይኖልት የሚባል ሌላ ደን ነበረ። በ1851 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. መንግሥት የደንነቱን ሕግ ሲያነሣለት፥ አብዛኛው ዛፍ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተነቅሎ እርሻ ሆነ። የኤፒንግ ባለርስቶችም ይህን አይተው ደኑን በየፊናቸው ማጠር ጀመሩ። በላውተን ቶማስ ዊሊንጌል የሚባል ማገዶ ቈራጭ ግን አጥሩን ሳይቀበል ቀረ። እንደሚተረከው፥ በኅዳር 11 እኩለ ሌሊት የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ካልተቈረጠ መብቱ ይቀራል የሚል ልማድ ነበረና፥ ባለርስቱ በዚያች ሌሊት ለሕዝቡ ግብር አበላ፤ ዊሊንጌል ግን ከመካከል ሹልክ ብሎ ወጥቶ ቅርንጫፉን ቈርጦ ተመለሰ። ትረካው እንዳለ ሆኖ፥ በ1866 ሦስት ዘመዶቹ በመቍረጣቸው መታሰራቸው እርግጥ ነው። እሱም ከሶ ፍርድ ሳያይ በ1870 ሞተ።

ክርክሩን ያነሣው የሎንዶን ማዘጋጃ ቤት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በዚያ አካባቢ ለመቃብር የገዛው መሬት ስለነበረው፥ እንደ ማንኛውም ባለመሬት በደኑ ከብት የማሰማራት መብት ነበረው። በ1871 በዚሁ መብት ከሰሰ፤ በ1874 ፍርድ ቤቱ አጥሮቹ ሕገ ወጥ ናቸው ብሎ ፈረደ፤ በ1878 ደኑ ለዘለዓለም እንዳይታጠርና ቤት እንዳይሠራበት ሕግ ወጣ። ከመቶ ዓመት በኋላ ትልቁ የሎንዶን የቀለበት መንገድ ሲሠራ እንኳ በደኑ ጠርዝ ላይ በመሬት ውስጥ እንዲያልፍ ተደርጓል። እንግዲህ አስቡት፤ ይህን ሁሉ የያዘው የከብት ግጦሽ መብት ነው።

ይሁን እንጂ ያው ሕግ ምልመላውን አስቀረ። ለላውተን ሰዎች ካሣ ተከፍሎ በአብዛኛው ገንዘብ አዳራሽ ተሠራላቸው፤ እስከ ዛሬም «የምልመላ አዳራሽ» ይባላል። አዳራሹ መልካም ነው፤ ዛፎቹ ግን ተጎዱ። ቅርንጫፎቻቸው ያለ ልክ ወፍረው አሮጌውን ግንድ ይሰነጥቁት ጀመር፤ ጥላቸውም ከሥር ያለውን ሣርና ችግኝ አመነመነው። ኋላም በ1996 በከብት በሽታ ምክንያት ግጦሹ ተቋረጠ። ስለዚህ ዛሬ የደኑ ጠባቂዎች ከብቱን መልሰው አስገብተዋል፤ በአንገቱ ላይ የታሰረው መሣሪያ ወሰኑን ሊያልፍ ሲል ይጮኽበታል። ምልመላውንም ጀምረዋል። ነገር ግን መቶ ዓመት ሳይነካ የቆየ ዛፍ በአንድ ጊዜ ቢመለጥ ሊሞት ስለሚችል፥ በጥቂት በጥቂቱ፥ ሕያው ቅርንጫፍ እየተዉለት ይቀንሱለታል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሣር በመረጧቸው አለቆች ለዓመታት ዘግተው፥ ቀን ቈርጠው በመክፈት ከ300 ዓመት በላይ አቆይተውታል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ የአለቆቹን ሥልጣን ቢያስቀረውም፥ ዛሬ ማኅበረሰቡ በራሱ ደንብ ይጠብቀዋል።

በየቀበሌው የተከለሉ ተረተሮች አሉን። ጠባቂ ይቀጠራል፥ ሰዉ ሌሊት ገብቶ ይቈርጣል፥ ጠባቂውም ከጎረቤቱ ይጣላል። በእኔ አስተያየት በሌሊት የሚቈርጠው ሰው የሚበዛው በቀን የሚቈርጥበት ተራ ስላልተሰጠው ነው። የልማት ሠራተኞች ሆይ፥ የክልሉን መተዳደሪያ ደንብ ስትጽፉ የሚከለከለውን ብቻ አትጻፉ፤ ማን፥ በየትኛው ወር፥ ከየትኛው ዛፍ፥ ስንት ሸክም እንደሚወስድ ጻፉ። ሴቶችም በስብሰባው ይኑሩ፤ ማገዶውን የሚሸከሙት እነሱ ናቸውና።

ከዛፎቻችን ብሳናና ዋንዛ ምልመላን ይችላሉ። ጥድ ግን ከተቈረጠ አያቈጠቍጥም፤ ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለውን አሮጌ ጥድ በዚህ ዘዴ እንሞክረው የሚል ካለ ከልክሉት። ለመመልመል መጋዝ ከገጀራ ይሻላል፤ ገጀራ ልጡን ይገሸልጣል። ቅርንጫፉን መጀመሪያ ከሥሩ በኩል ጥቂት ቍረጡ፥ ከዚያ ከላይ ጨርሱት፤ ሲወድቅ ልጡን ይዞ አይወርድም። ቍርጡ ውኃ እንዳያቍር ዘንበል ይበል።

ከዚህ ቤት ጀርባ አንዲት ብሳና አለች፤ ባለቤቷ ፈቅደውልናል። መጋዝ የያዛችሁ ከፊት ቅደሙ፤ ጥያቄውን እዚያው እንመልሳለን።