ሳይቃጠል በቅጠል፦ ወረዳችን ለወረርሽኝ የሚዘጋጀው እንዴት ነው?

(ለቀበሌ ነዋሪዎች፣ ለዕድር ተወካዮችና ለሃይማኖት አባቶች በአንድ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ የተደረገ ንግግር)





በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጃፉ ጥራጊ ተሰብስቦ ሲቃጠል፣ ሰፈሩም በጢስ ሲታጠን ሁላችንም አይተናል። ይህ ልማድ የሚያስታውሰን በ1911 ዓ.ም. አገራችን የደረሰውንና አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉትን የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነው። በዚያን ዘመን በየአጥቢያው ሕሙማንን የሚመዘግብ፣ የበሽታውን አካሄድ ተከታትሎ ለሚመለከተው የሚያሳውቅ የጤና መዋቅር አልነበረም። የወረርሽኙ መግባት የታወቀው በቀብሩ ብዛት ነበር ማለት ይቻላል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ በአዲስ አበባ መገኘቱ ሲገለጽ ሁኔታው የተለየ ነበር። ቫይረሱን በአገር ውስጥ መለየት የሚችል ላቦራቶሪ፣ ጥርጣሬ ያለበት ሰው የሚደውልበት 8335 ነጻ የስልክ መስመር፣ ቤት ለቤት የሚሄዱ የጤና ባለሙያዎች ነበሩን። ይህም ሆኖ ብዙ ወገኖቻችንን አጥተናል። ነገር ግን ከበሽታው ጋር የተገናኘነው ባዶ እጃችንን አልነበረም።

ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ጉዳይ አንድ ነው። የወረርሽኝ ዝግጅት የሚከናወነው በሽታ በሌለበት ጊዜ ነው፤ የዝግጅቱም መጀመሪያ የእናንተ ደጅ ነው።

እንደምታውቁት በየቀበሌው ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ። እነዚህ እኅቶቻችን ክትባት ከመስጠትና እናቶችን ከመከታተል ጎን ለጎን ሌላ ሥራ አላቸው፤ እርሱም የበሽታዎች ቅኝት ይባላል። ከሰኞ እስከ እሑድ ያዩአቸውን የወባ፣ የማጅራት ገትር፣ የታይፎይድና የመሳሰሉትን በሽታዎች ሕሙማን ቆጥረው በየሳምንቱ ለጤና ጣቢያ ይልካሉ። ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዚያም ወደ ክልልና ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደርሳል።

ሳምንት የማይጠበቅላቸው በሽታዎችም አሉ። ኮሌራ፣ ኩፍኝ፣ ቢጫ ወባ፣ አባ ሰንጋ፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ እንዲሁም ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ላይ በድንገት የሚታይ የእጅ ወይም የእግር መዛል ከእነዚህ መካከል ናቸው። እነዚህ ሲጠረጠሩ ወሬው በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደ ቀጣዩ የጤና እርከን መድረስ አለበት። የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ጥርጣሬው ብቻ ይበቃል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ባለሙያዋ በሳምንቱ ምንም ሕመምተኛ ባታገኝም «ዜሮ» ብላ ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አለባት። ዜሮ ማለት «ፈልጌ አላገኘሁም» ማለት ነው። ሪፖርት አለመላክ ግን ምንም ማለት አይደለም፤ ዝምታ ብቻ ነው። የሁለቱን ልዩነት የተማርኩት በራሴ ስሕተት ነው።

ከዓመታት በፊት በሌላ ወረዳ ስሠራ ሳምንታዊ ሪፖርቶችን የማጠናቅረው እኔ ነበርኩ። ከአንድ ሩቅ ቀበሌ ለሁለት ሳምንት ሪፖርት አልመጣም። አንደኛዋ ባለሙያ በወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች፤ ሁለተኛዋ ለሥልጠና ሄዳለች። እኔም «መቼም አንዳች ነገር ቢኖር ይሰማ ነበር» ብዬ ባዶውን ሣጥን አለፍኩት። በሦስተኛው ሳምንት የደወለልን የጤና ባለሙያ አልነበረም፤ የአንደኛ ክፍል መምህር ነበር። «ልጆቹ ቀርተውብኛል፤ ትኩሳትና ሽፍታ ነው ይላሉ» አለ። ስንደርስ ኩፍኙ ብዙ ቤት ገብቶ ነበር፤ አንድ ሕፃንም ሞቶ አገኘን። እናቲቱ «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮስ?» ስትለኝ የምመልስላት አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ያልመጣ ሪፖርት ባየሁ ቁጥር ሥራዬን አቁሜ እደውላለሁ።

ጽሕፈት ቤታችን በሰላሙ ጊዜ ምን ይሠራል? በመጀመሪያ ወረዳው ለየትኛው በሽታ እንደሚጋለጥ ያጠናል፤ ንጹሕ ውኃ የሌለው መንደር፣ ክትባት ያላጠናቀቁ ሕፃናት የሚበዙበት ጎጥ፣ በዝናብ ጊዜ መንገዱ የሚቋረጥ ቀበሌ ተለይቶ ይታወቃል። በዚሁ መሠረት የዝግጁነትና የምላሽ ዕቅድ ይወጣል። ሐኪም ወይም ነርስ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያና የቅኝት ባለሙያ ያሉበት ፈጣን ምላሽ ሰጪ ቡድን ይቋቋማል፤ ልምምድም ያደርጋል። ጓንት፣ የናሙና መውሰጃ ዕቃ፣ የውኃ ማከሚያ ክሎሪን፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ጉሉኮስ አስቀድመው መጋዘን ይገባሉ። ሕሙማን ተለይተው የሚታከሙበት ቦታ የትኛው እንደሚሆን ከቀበሌው ጋር በስምምነት ይወሰናል፤ በችግር ቀን ስለ ቦታ መከራከር ሕይወት ያስከፍላልና።

መቼ መነሣት እንዳለብንም አስቀድሞ ተወስኗል። በአንድ ወር ውስጥ ኩፍኝ የተጠረጠረባቸው 5 ሕሙማን ከተመዘገቡ ወረርሽኝ ሊሆን ይችላል ብለን እንነሣለን። ለኮሌራ ግን በላቦራቶሪ የተረጋገጠ 1 ሕመምተኛ ብቻ ይበቃል። አገራችንን ጨምሮ በርካታ አገሮች የሚጠቀሙበት «ሰባት፣ አንድ፣ ሰባት» የሚባል መለኪያም አለ። ወረርሽኝ በተነሣ በ7 ቀን ውስጥ እንዲታወቅ፣ በታወቀ በ1 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው አካል እንዲነገር፣ ከዚያም በ7 ቀን ውስጥ የመጀመሪያዎቹ የምላሽ ሥራዎች እንዲጠናቀቁ ይጠይቃል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቁጥር የእኛ ኃላፊነት ነው። የመጀመሪያው ግን ያለ እናንተ አይሳካም፤ የጎረቤቱን መታመም ከጎረቤት ቀድሞ የሚያውቅ የለምና።

ቡድናችን ቤታችሁ በሚመጣበት ጊዜ ብዙ ይጠይቃል። «ውኃ የምትቀዱት ከየት ነው? በዚህ ሳምንት ለቅሶ ወይም ድግስ ሄዳችኋል? ከማን ጋር በላችሁ?» ይላል። ይህ ሰው ለመክሰስ የሚደረግ ምርመራ አይደለም። ከአንድ ምንጭ የቀዱ ሦስት ቤቶች ከታመሙ በሽታው ያለው በምንጩ ሊሆን ይችላል፤ ምንጩ ከታከመ አራተኛው ቤት ይድናል። የሕመምተኛ ስም በመዝገብ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ በአደባባይ አይነገርም። ይህንን ምስጢር መጠበቅ የሙያ ግዴታችን ነው።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ቤተሰብ ሕመምተኛውን የሚደብቀው ስለማያውቅ ሳይሆን «ሰው ይሸሸናል» ብሎ ስለሚፈራ ነው። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። የተደበቀ ተላላፊ በሽታ ግን የደባቂውን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም መድኃኒት ያሳጣል። ስለዚህ የሃይማኖት አባቶችና የዕድር ዳኞች ሆይ፣ የታመመ ሰው እንዳይገለል የምትናገሩት አንድ ቃል ከእኛ ብዙ ፖስተር የበለጠ ይሰማል።

በመጨረሻ ከእያንዳንዳችሁ የምንጠይቀው ይህንን ነው።

አንደኛ፣ ትኩሳትና ሽፍታ ያለበት ልጅ፣ በድንገት የበረታ ተቅማጥና ትውከት የያዘው ሰው፣ በአንድ ሰሞን ተመሳሳይ ሕመም የታየባቸው ብዙ ሰዎች ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ስታዩ በዚያው ቀን ለጤና ኬላ ንገሩ፤ ወይም 8335 ደውሉ። ነገሩ ወረርሽኝ ሆኖ ባይገኝ ማንም አይወቅሳችሁም።

ሁለተኛ፣ ተቅማጥ የያዘውን ሰው ወደ ጤና ተቋም እስክታደርሱ ድረስ ፈሳሽ አታቋርጡበት። አንዱን ከረጢት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ ደጋግማችሁ አጠጡት፤ የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ።

ሦስተኛ፣ የልጆቻችሁን ክትባት አስጨርሱ፤ ካርዱንም በጥንቃቄ አስቀምጡ።

አራተኛ፣ መምህራን የቀሩ ተማሪዎችን ምክንያት ጠይቁ። የዕድር ጸሐፊዎችም በአጭር ጊዜ ቀብር ሲደጋገም አሳውቁን። እናንተ የምትይዙት መዝገብ የወረዳው የጤና መዝገብ ጓደኛ ነው።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ የኅዳር በሽታ በመጣ ጊዜ አያቶቻችን የሚነግሩት ሰው አልነበራቸውም። እኛ ግን የሚሰማ አለን። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ እሳቱ ገና ጭስ ሳለ ጥሩን፤ እንመጣለን።