መብራት ሲጠፋ ከርነሉ ምን ይሰማል?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ሁላችሁም ስለምታውቁት ችግር ለመናገር ነው። ከሆለታ እስከ ባኮ በሚዘልቀው መንገድ ላይ፥ በጊንጪም በአምቦም በጉደርም በጌዶም፥ ማታ ቁጭ ብሎ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ መብራት ድንገት ሲጠፋበት ምን እንደሚሰማው መግለጽ አያስፈልገንም። ላፕቶፕ ያለው ተማሪ ግን «ባትሪ አለኝ» ብሎ ይጽናናል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኮምፒዩተሩ አንዳች ሳይናገር ድርግም ይላል፤ ሥራውም አብሮ ይጠፋል። ያን ጊዜ አንዱ «ባትሪው አርጅቷል»፥ ሌላው «ቫይረስ ገብቶበታል» ይላል። ባትሪው ያረጀበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ስሙ የማይነሣ ሌላ ምክንያትም አለ። «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፥ እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ኮምፒዩተር ሲበራ ቀድሞ የሚነሣው በማዘርቦርዱ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠው ፕሮግራም ነው፤ እርሱም ፈርምዌር ይባላል። ከርነል የምንለው ደግሞ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት ነው፤ ፕሮሰሰሩን፥ ሜሞሪውንና ሌሎቹን መሣሪያዎች የሚያስተዳድረው እርሱ ነው። በላፕቶፕ ውስጥ ከዋናው ፕሮሰሰር ሌላ ኢምቤድድ ኮንትሮለር የምትባል አንዲት ትንሽ ተቆጣጣሪ አለች። ቻርጀሩ ሲነቀል ወይም መብራት ሲጠፋ ቀድማ የምታውቀው እርስዋ ናት። ታዲያ ከርነሉ ወሬውን እንዴት ይሰማል?

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ከርነሉ በየጊዜው «መብራት አለ ወይ?» እያለ መጠየቅ ነው። ይህ እንግዳ መጣ አልመጣ እያለ በየደቂቃው ከጥናቱ ተነሥቶ በሩን የሚከፍት ተማሪን ይመስላል፤ ጥናቱም አይሆንለት፥ ጉልበቱም ይባክናል። ሁለተኛው እንግዳው ራሱ በሩን እንዲያንኳኳ ማድረግ ነው። ይህ ማንኳኳት ኢንተራፕት ይባላል።

ይህን ሥርዓት ለማስያዝ ኢንቴል፥ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1996 ዓ.ም. ኤ.ሲ.ፒ.አይ. የተባለውን ደንብ አወጡ። ከ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደንቡን የሚጠብቀው የዩ.ኢ.ኤፍ.አይ. ፎረም ነው። በደንቡ መሠረት ኀይልን የማስተዳደር ሥልጣን ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አለፈ፤ ፈርምዌሩም የሆነውን ነገር በኤስ.ሲ.አይ. መስመር እንዲያስታውቅ ተደረገ። ይህ መስመር በፒ.ሲ. ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ 9 ነው። እንግዲህ ደወሉ አንድ፥ ደዋዮቹ ግን ብዙ ናቸው፤ የማብሪያው ቁልፍ፥ የላፕቶፑ ክዳን፥ ቻርጀሩ፥ ባትሪው፥ ሙቀቱም በዚያው ይደውላሉ።

ስለዚህ ከርነሉ ደወሉን ሲሰማ «ማን ነው?» ማለት አለበት። ለያንዳንዱ ደዋይ ሁለት ቢቶች ተመድበዋል። አንደኛው «ነገሩ ደርሷል» ይላል፤ ሁለተኛው «ሲደርስ ንገሩኝ ብዬአለሁ» ይላል። ሁለቱም 1 የሆኑበት ደዋዩ እርሱ ነው። እንደ ማብሪያ ቁልፍ ያሉት ጥቂቶቹ ትርጓሜያቸው በደንቡ የተወሰነ ነው። የቀሩት ጂ.ፒ.ኢ. ይባላሉ፤ የእነርሱን ትርጓሜ የሚወስነው ኮምፒዩተሩን የሠራው ፋብሪካ ነው። ፋብሪካውም መደረግ ያለበትን ኤ.ኤም.ኤል. በሚባል ቋንቋ ጽፎ በፈርምዌሩ ሰንጠረዥ ውስጥ ያኖረዋል፤ ከርነሉ ያን እየተረጐመ ይፈጽማል።

እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኢንተራፕትን የሚቀበለው የከርነሉ ክፍል ሥራውን ባጭሩ መጨረስ አለበት፤ ቆሞ መጠበቅም አይፈቀድለትም። በኤ.ኤም.ኤል. የተጻፈው ትእዛዝ ግን ኮንትሮለርዋን ጠይቆ መልስ መጠበቅ ይኖርበታል። ስለዚህ ሊኑክስ ሥራውን ለሁለት ይከፍለዋል። ተቀባዩ ደዋዩን ይለያል፥ ያን ደዋይ ለጊዜው ዝም ያሰኛል፥ ጉዳዩን በተራ መዝገብ ላይ አስገብቶ ይመለሳል። ከዚያ ሌላ ሠራተኛ ክር ተራውን ጠብቆ ትእዛዙን ይፈጽማል፤ ሲጨርስም ደዋዩን እንደገና ይከፍተዋል። የግቢያችን ዘበኛ መልእክት ሲመጣለት በሩን ጥሎ በየመኝታ ቤቱ አይዞርም፤ ስሙን መዝግቦ ተላላኪ ይልካል እንጂ። ይህም እንደዚያው ነው።

መብራት ሲጠፋ እንግዲህ ወሬው የሚሄደው እንዲህ ነው። ኮንትሮለርዋ ትደውላለች፤ ከርነሉ «ምን ሆነ?» ይላታል፤ በቁጥር ትመልስለታለች፤ ለዚያ ቁጥር የተጻፈው ትእዛዝ ይፈጸማል፤ ትእዛዙም ለቻርጀሩ ድራይቨር «ሁኔታህ ተለውጧል» የሚል ማስታወቂያ ይልካል። ድራይቨሩ አዲሱን ሁኔታ አንብቦ በላይ ላሉት ፕሮግራሞች ይነግራል። እነርሱም ባትሪው ሲያልቅ ሥራችንን በዲስክ ላይ አስቀምጠው ኮምፒዩተሩን በሰላም ይዘጋሉ። ከእነዚህ አንዱ ቢበጠስ ማስጠንቀቂያው ይቀራል።

የራሳችንንም ጥፋት እንናገር። አብረን የምንጠቀምበት አንድ ላፕቶፕ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ሳለ ይግል፥ ማራገቢያውም ይጮኽ ጀመር። ቫይረስ ነው ተብሎ ሲስተሙ ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ተጫነ፤ የተለወጠ ነገር ግን አልነበረም። በመጨረሻ ሊኑክስ ያንዳንዱን ደዋይ ጥሪ የሚቈጥርበትን ፋይል ከፍተን አነበብን፤ አንድ ደቂቃ ቈይተንም ደገምን። ማንም ሳይነካው የአንዱ ጂ.ፒ.ኢ. ቁጥር በብዙ ሺህ ጨምሮ አገኘነው። ከርነሉ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ጠባቂ አለው፤ በአንድ መስመር ከመጡ 100,000 ጥሪዎች ውስጥ ከ99,900 በላይ የሚሆኑት ባለቤት ካጡ መስመሩን ይዘጋዋል። የእኛ ደዋይ ግን ባለቤት ነበረው፤ ሁለቱም ቢቶች 1 ናቸውና። እንዲያ ያለው ደዋይ ያስደወለው ምክንያት ሳይወገድ የደረሰ ምልክቱ ቢጠፋ ምልክቱ ወዲያው ይመለሳል፤ ሠራተኛው ሲከፍተውም እንደገና ይደውላል። ጠባቂው ዝም ያለው ስለዚህ ነው።

እኛም ያን ደዋይ ሲስተሙ ሲነሣ ጀምሮ እንዲዘጋ አዘዝን። ላፕቶፑ ቀዘቀዘ፤ ደስ አለን፤ ለጓደኞቻችንም በኩራት አወራን። ከጥቂት ቀናት በኋላ ማታ መብራት ጠፋ። በስክሪኑ ላይ ያለው ምልክት ግን ቻርጀሩ ኤሌክትሪክ እየሰጠ ነው እንዳለ ቈየ። ባትሪው ያለ ማስጠንቀቂያ አለቀ፤ የአንድ ጓደኛችን የብዙ ሰዓት ጽሑፍም ጠፋ። የዘጋነው ደዋይ ለካ ኮንትሮለርዋ ወሬዋን ሁሉ የምታመጣበት በር ኖሯል! ለካፊውን ዝም እናሰኛለን ብለን እውነተኛውን መልእክተኛ አብረን ዝም አሰኘነው። ጓደኛችንን ይቅርታ ጠየቅን። ኋላ ፋብሪካው ያወጣውን የታረመ ፈርምዌር ስንጭን ቁጥሩ መሮጡን ተወ፤ እኛም የዘጋነውን ከፈትን።

ስለ ጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። እነዚህ ባትሪ ስለሌላቸው መብራት ሲጠፋ ከርነሉ የሚሰማበት ጊዜ እንኳ የለውም፤ የትኛውም ፕሮግራም አያድናቸውም። የሚያድናቸው ዩ.ፒ.ኤስ. ነው። ዩ.ፒ.ኤስ. ደግሞ ወሬውን የሚያደርሰው በሌላ መንገድ፥ አብዛኛውን ጊዜ በዩ.ኤስ.ቢ. ገመድ ነው። ገመዱ ካልተሰካና ወሬውን የሚቀበል ፕሮግራም ከሌለ ዩ.ፒ.ኤስ.ም ቢሆን ጥቂት ደቂቃ ሰጥቶ ዝም ብሎ ይጠፋል።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፥ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጀምር ተማሪ ሁሉ አስቀድሞ ቻርጀሩን ነቅሎ ምልክቱ መለወጡን ይይ፤ ካልተለወጠ ከመጻፉ በፊት ምክንያቱን ይፈልግ። ሁለተኛ፥ የላብራቶሪዎቻችን ዩ.ፒ.ኤስ.ዎች ገመዳቸው ተሰክቶ በእርግጥ መብራት በማጥፋት ይፈተኑ። ሦስተኛ፥ ማንም ሰው የሚጮኽ ደዋይ ቢያገኝ፥ ማን እንደሆነና ምን እንደሚያመጣ ሳያውቅ አይዝጋው።

የሊኑክስ ከርነል ጽሑፍ ለማንም ክፍት ነው። ከጊንጪ የመጣውም ከባኮ የመጣውም ተማሪ ሊያነበው ይችላል፤ እኛም እያነበብን ነው። መብራቱን ማቆየት በእጃችን ባይሆን መጥፋቱን በጊዜ መስማት ግን በእጃችን ነው።