ሕያው ሕዋስ ለማየት ምን እንግዛ?



የትምህርት ክፍላችን ሕያው ሕዋሳትን በማይክሮስኮፕ ለመመልከት የሚያገለግል ዕቃ ለመግዛት ዋጋ በማጠያየቅ ላይ ነው። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ከወጣ ተመልሶ ስለማይገኝ፤ እኛ ተማሪዎች ያለንን አሳብ ሳይረፍድ ለመናገር እንወዳለን።

የብዙ ሰው ዓይን የሚያርፈው በሚሞቀው የናሙና ማሳረፊያ ላይ ነው። በመቆጣጠሪያው ላይ 37 ዲግሪ የሚል ቁጥር ሲበራ ልብ ይረካል። ነገር ግን ያ ቁጥር የሚናገረው ስለ ብረቱ እንጂ ስለ ሕዋሱ አይደለም። ሕዋሱ ያለው ከብረቱ መካከል በተከፈተው ቀዳዳ ላይ፤ ሌንሱ ከሥር በሚጠጋበት ሥፍራ ነው። ሌንሱ በዘይት የሚሠራ ከሆነማ ዘይቱ ሌንሱን ከመስታወቱ ጋር ያገናኘዋል፤ የክፍሉን ብርድ የያዘው ያ ሁሉ ብረት ከሕዋሱ ሙቀት ይስባል። ስለዚህ መቆጣጠሪያው 37 እያለ ሕዋሱ በጥቂት ዲግሪ ዝቅ ብሎ ሊያድር ይችላል። እኛም ጠዋት ስለ ሕዋሱ አከፋፈል የምንጽፈው ሁሉ በእውነቱ ስለ ብርድ የተጻፈ ይሆናል! ለዚህ የሚበጀው የሌንስ ማሞቂያ ቀለበት አብሮ መግዛትና፤ ቀጭን የሙቀት መለኪያ ሽቦ ፈሳሹ ውስጥ አግብቶ መለካት ነው። ማይክሮስኮፑን በሙሉ የሚሸፍነው የሙቀት ሳጥን ከሁሉ ይሻላል፤ ዋጋው ግን ለእኛ አይቀመስም።

ወደ መስታወቱ እንምጣ። ከፍ አድርገው የሚያጎሉ አብዛኞቹ ሌንሶች የተሠሩት 0.17 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው መሸፈኛ መስታወት ስለሆነ፤ የሚስማማው ቁጥር 1.5 የሚባለው ነው። ቁጥር 1 ይሳሳል። ተራው የፕላስቲክ ሳህን ወለሉ 1 ሚሊሜትር ያህል ስለሚወፍር፤ የዘይት ሌንስ ሕዋሱ ዘንድ አይደርስም። እኛ የምንመርጠው ወለሉ መስታወት የሆነውን ባለ ስምንት ክፍል ዕቃ ነው፤ በአንድ ሌሊት ስምንት ዓይነት ሙከራ ያስተናግዳልና። ሆኖም እያንዳንዱ ክፍል የሚይዘው ፈሳሽ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይተናል፤ የቀረውም ይጨማል። ክዳንና እርጥበት ያለው አየር የግድ ነው።

ስለ ጋዙም አንድ ነገር አለን። መመሪያዎች 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሉት የባሕር ወለል የአየር ግፊትን ይዘው ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ግፊቱ ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚወርድ፤ ፈሳሹ ውስጥ ያንኑ ያህል ጋዝ እንዲገባ መቶኛው ወደ 6.5 ከፍ ማለት አለበት። ስለዚህ ዋጋ ይዞ የሚመጣ ሻጭ ሁሉ መቆጣጠሪያው ከ5 በላይ መውጣቱን አስቀድሞ ይጠየቅልን።