ደንቡን የሚከታተልልን ማን ነው?

(በተመራቂዎች ማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ፣ ሜሪላንድ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ደውሎ «ስለ ምግብ ማስመጣት ሥራ ጥቂት ንገረን» ሲለኝ፣ ስለ በርበሬና ስለ ጤፍ የሚጣፍጥ ወሬ ጠብቆ ይሆናል። እኔ ግን ብዙም ስለማይጣፍጥ ነገር ላወራ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ጤፍ፣ ቆሎ፣ ቡና የምታስመጡ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። በየወሩ ገንዘብ እየተቀበሉ «ደንብ ሲቀየር እኛ እንነግራችኋለን» የሚሉ ድርጅቶችም ስልካችሁን ሳያንኳኩ አይቀሩም። እንዴት ይመረጣሉ? እኔ አንድ ጊዜ በደንብ ሳልመርጥ ቀርቻለሁና ከእኔ ተማሩ ብዬ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ የምናስመጣው ዳቦ ቆሎ ነበረን። ቅመሙ ውስጥ የተፈጨ ሰሊጥ አለ። ማሸጊያው ላይ ግን የተጻፈው «የስንዴ ዱቄት፣ ዘይት፣ ጨው፣ ቅመም» ብቻ ነው። ድሮ ይህ አያስጠይቅም ነበር፤ ሰሊጥ «ቅመም» በሚለው ስም ሊጠቃለል ይችል ነበር። በኤፕሪል 2021 የወጣው ሕግ ግን ሰሊጥን ዘጠነኛው ዋና የአለርጂ ምግብ አደረገው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ስሙ በግልጽ መጻፍ ግድ ሆነ። እኛ በዚያው ዓመት የጸደይ ወራት ያስገባነው ዕቃ በአሮጌው ማሸጊያ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት እናት ደወለች። ሐበሻ አይደለችም። ልጇ የክፍል ጓደኛው ቤት ሄዶ የእኛን ዳቦ ቆሎ በልቷል። ከንፈሩ አብጦ፣ ሰውነቱ ሽፍ ብሎበት ድንገተኛ ክፍል ወስደውታል። ልጁ ድኗል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሴትየዋ አልጮኸችብኝም። «ሰሊጥ አለበት ወይ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። «አዎ» አልኳት። «ታዲያ ለምን አልጻፋችሁትም?» አለች። ምን ብዬ ልመልስ?

ለምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ፣ ማለትም ለኤፍ ዲ ኤ፣ አስታወቅን። ዕቃውን በገዛ መኪናችን ከየሱቁ ለቅመን ሰበሰብን። ከዚያ ክትትሉን የሚሠራልን ድርጅት ጋር ደወልኩ፤ ተናድጄ ነበር። ልጅቷ በትሕትና ፋይሉን ከፍታ «ማስጠንቀቂያውን ልከናል፤ ግን የእናንተ ደንበኝነት ‹ገቢ ዕቃ› የሚለው ዘርፍ ላይ ብቻ ነው፤ ‹የማሸጊያ ጽሑፍ› የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አላደረጋችሁም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ያውም በአምስት ደቂቃ። ምልክት አድርጌም ቢሆን ኖሮ መልእክቱን ማንበባችን ያጠራጥራል። ስለ ዓሣ፣ ስለ አይብ፣ ስለ ዶሮ መኖ በየቀኑ ስለሚልኩልን ኢሜይላቸውን መክፈት ካቆምን ቆይተናል።

ገንዘብ ከፍለን ክትትሉን ለሌላ ሰጥተን ነበር፤ ኃላፊነቱ ግን ከእኛ ትከሻ አልወረደም። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። በ2011 የወጣው የምግብ ደኅንነት ማሻሻያ ሕግ ሥር፣ የውጭ አቅራቢን የማረጋገጥ ደንብ በ2015 ተደነገገ፤ ከሜይ 2017 ጀምሮ በተግባር ላይ ዋለ። በዚህ ደንብ ተጠያቂው ዕቃው ሲገባ እዚህ አገር ያለው ባለቤት ወይም ተረካቢ ነው። ብዙዎቻችን «የጉምሩክ አስተላላፊዬ ያውቃል» እንላለን። አስተላላፊው ወረቀት ያስገባል፤ ወረቀቱ ላይ ግን አስመጪ ተብሎ የሚሰፍረው የእናንተ ስም ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚጠይቀው የምርቱ አደጋ የተተነተነበትን፣ አቅራቢው የተገመገመበትን፣ የተረጋገጠበትን መዝገብ ነው። «ወፍጮ ቤቱ የክፍል ጓደኛዬ ነው» የሚል መልስ ተቀባይነት የለውም፤ ሞክሬዋለሁ!

አነስተኛ አስመጪ ለሚባሉት ደንቡ ቀለል ይላል፤ ነጻ ግን አያደርግም።

እንግዲህ ስትመርጡ ምን ትጠይቁ? እኔ ዛሬ የምጠይቃቸውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፣ በነጻ የማላገኘውን ምን ትሰጡኛላችሁ በሉ። የኤፍ ዲ ኤ የገቢ ዕቃ ማስጠንቀቂያዎች፣ ከገበያ የተሰበሰቡ ምግቦች ዝርዝር፣ አዳዲስ ደንቦች፣ ሁሉም በነጻ ይወጣሉ፤ በኢሜይልም ይላካሉ። ሁለት ሦስት ዓይነት ዕቃ ብቻ የምታስመጡ ከሆነ፣ ሰኞ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት የሚመድብ ሰውና አንድ ደብተር ሊበቃችሁ ይችላል። ከፋይ አገልግሎት ዋጋ የሚኖረው አበጥሮ ሲሰጥ ነው። ገለባውን ከፍሬው ጋር ቀላቅሎ ከላከማ ምን ሠራ?

ሁለተኛ፣ በምርት ነው ወይስ በዘርፍ የምትከታተሉት? የእኔ ዳቦ ቆሎ ሰሊጥ እንዳለበት ድርጅቱ ካላወቀ፣ ስለ ሰሊጥ የወጣ ሕግ እኔን እንደሚመለከት ከየት ያውቃል? የእያንዳንዱን ምርት ይዘት የሚቀበልና ከዜናው ጋር የሚያገናኝ ምረጡ።

ሦስተኛ፣ የስማችን ጉዳይ። ሳልሞኔላ የተገኘበት አቅራቢ በማስጠንቀቂያው ዝርዝር ውስጥ የሚገባው በስሙና በአድራሻው ነው፤ ከዚያ በኋላ ዕቃው ገና ሳይመረመር ወደብ ላይ ሊያዝ ይችላል። አሁን «ፀሐይ» የሚባል ወፍጮ ቤት በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት ይጻፋል? በአንዱ አጻጻፍ ብቻ የሚፈልግ ኮምፒውተር ሌላውን አያየውም። ሁሉንም አጻጻፍ እናንተ ስጧቸው፤ መቀበላቸውንም አረጋግጡ።

አራተኛ፣ ረቂቅ ደንብንና የጸደቀ ደንብን ይለያሉ ወይ? «ሊወጣ ነው» እና «ከዚህ ቀን ጀምሮ ግዴታ ነው» አንድ አይደሉም። ዋናውን ሰነድና ቀኑን የማያያዝ መልእክት አይጠቅማችሁም።

አምስተኛ፣ የማይሸፍኑትን በጽሑፍ ይንገሯችሁ። ሥጋ፣ ለምሳሌ ቋንጣ፣ በግብርና ሚኒስቴሩ እጅ ነው። ቀረጥ ሌላ ነው። የክፍለ ግዛትና የካውንቲ ጤና ቢሮ ደግሞ ሌላ ነው። «ሁሉንም እንከታተላለን» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ጠርጥሩ።

ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ፈትኗቸው። የምርቶቻችሁን ዝርዝር ስጧቸውና «ባለፉት ሁለት ዓመታት ደንበኛችሁ ብሆን ኖሮ ምን ምን ትልኩልኝ ነበር?» በሏቸው። እኔ ከኋላው ለሦስት ድርጅቶች ይህንን ጥያቄ አቅርቤ ነበር። አንዱ መቶ ገጽ ላከልኝ። አንዱ መልስ አልሰጠም። ሦስተኛው ሰባት ነገር ብቻ ላከ፤ ሰሊጥ ከላይ ነበረች። ከዚያኛው ጋር ተፈራረምን፤ በጣም ርካሹ ግን አልነበረም።

አንድ የምንበልጥበት ነገር አለን። ደንቡ መዝገብ የሚመረምረው ባለሙያ የተጻፈበትን ቋንቋ ማንበብ አለበት ይላል። የአዲስ አበባው ወፍጮ ቤት የጽዳት መዝገቡን፣ የቆላውንበትን ሙቀትና ሰዓት በአማርኛ ነው የሚጽፈው። ያንን እዚህ አገር ማን ያነባል? እዚህ የተቀመጣችሁ፣ ምግብ ሳይንስና ዕፅዋት ሳይንስ የተማራችሁ ልጆች ናችሁ። ወጣቶቹ ይህን ሥራ ብትይዙት ለራሳችሁም እንጀራ ነው፤ እኛንም ከብዙ ጣጣ ታድኑናላችሁ።

ዛሬ በመሥሪያ ቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። እያንዳንዱ ምርት፣ ውስጡ ያለው ነገር፣ አቅራቢው፣ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ የሚያነበው ሰው ስም፣ እሱ ከሌለ የሚተካው ሰው። ማንም ሳያነበው የሚያልፍ መልእክት የለም፤ ያነበበው ሰው ይፈርማል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

አዲሱ ማሸጊያ ታትሞ ሲመጣ፣ «ስንዴና ሰሊጥ አለበት» የሚለውን ፎቶ አንስቼ ለዚያች እናት ላክሁላት። «አመሰግናለሁ፤ እሱ አይበላውም፤ ግን አሁን ማንበብ እችላለሁ» ብላ መለሰችልኝ።

ከምሳ በኋላ የምርት ዝርዝራችሁን ይዛችሁ ብትመጡ፣ ከኋላ ባለው ጠረጴዛ አብረን እናያለን።