ቴአትር በ11ኛና በ12ኛ ክፍል፦ ከጅጋ ይዤው የመጣሁት ጥያቄ

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ሃያ ደቂቃ ሰጥተንሃል፤ ስለ ሥራህ ንገረን» ሲሉኝ ደስ አለኝ። በኋላ ፕሮግራሙን ሳየው ከእኔ ቀጥሎ ያለው ምሳ ነው። የቴአትር ሰው ሰዓት እንደማያከብር ስለሚያውቁ በረሃብ ሊያስወርዱኝ አስበዋል ማለት ነው። እሺ፣ አላስቸግራችሁም። አንዲት ጥያቄ ብቻ ይዤ ነው የመጣሁት። ቴአትርን ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሳይሆን እንደ ትምህርት፣ ማን ያስተምረው?

የማስተምረው ጅጋ አካባቢ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ ደምበጫን አልፋችሁ፣ ፍኖተ ሰላም ሳትደርሱ የምታገኟት ከተማ ናት። አብዛኞቻችሁ በአውቶቡስ መስኮት አይታችኋት ታውቁ ይሆናል። በርበሬና በቆሎ የሚበቅልበት፣ ገበያው የደመቀ አገር ነው። የቴአትር ቤት የለም። እኔ ቴአትር ተምሬ ወጥቼ የተቀጠርኩት በአማርኛ መምህርነት ነው፤ ከቴአትር ጋር ያቆየኝ የትምህርት ቤቱ ክበብ ነው።

ወደ ቴአትር የገባሁበትን ቀን ልንገራችሁ። ያኔ ስንቅ የምንሸከም ተማሪዎች ነበርን። እሑድ ማታ የሳምንቱን እንጀራና ሽሮ ተሸክመን ከገጠር እንመጣለን፤ አምስት ሆነን በተከራየናት አንዲት ክፍል እናድራለን። ለወላጆች ቀን ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ ድራማ ተዘጋጀ። ሙሽራዋን የምትጫወት ልጅ ጠፋች፤ ልጆቹ ፈርተው ሳይሆን ወላጆቻቸው «ልጄ በሰው ፊት አትቆምም» ብለው ነው። በመጨረሻ ሙሽራዋ እኔ ሆንሁ። የእናቴን ሻሽ አስሬ፣ ዐይኔን ሰብሬ ተቀመጥሁ። ጓደኞቼ እስከ ዛሬ «ሙሽሪት» ይሉኛል።

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ አባት ተብዬው «እሺ፣ ሰጥቻለሁ» አለ። ይኼን ጊዜ ከተመልካቹ መሐል አንድ ገበሬ ዱላውን ይዞ ብድግ አለና «ኧረ አንተ ሰውዬ! ልጅቱ ትማር እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። እኛ ተዋናዮቹ ግን ደነገጥን፤ ምክንያቱም ሰውየውን እናውቀዋለን። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የራሱን ልጅ የዳረ ሰው ነው። እሷም የክፍላችን ልጅ ነበረች።

በየስብሰባው ስንት ጊዜ ተነግሮታል፤ አንድም ቀን ብድግ ብሎ አያውቅም። ያን ቀን ግን የሌላ ሰው ልጅ መስሎት የራሱን ልጅ አየ። እኔም ይኼ ነገር ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወደዚህ ግቢ መጣሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ መምህራችን «እስቲ የመድረክ ቴአትር አይቶ የሚያውቅ እጁን ያውጣ» አሉን። የወጣውን እጅ መቁጠር አልከበደም። እኔም ብሔራዊ ቴአትርን ያየሁት ቴአትር ልማር ከመጣሁ በኋላ ነው። እስቲ አስቡት፤ የሕክምና ተማሪ ባዮሎጂ ተምሮ ይመጣል፣ የምህንድስናው ፊዚክስ ተምሮ ይመጣል። የቴአትሩ ተማሪ ግን ከዜሮ ይጀምራል። መምህሮቻችን እዚህ ያላችሁ ይኼን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ በአንደኛው ዓመት የምታስተምሩት ሰው በሰው ፊት እንዲቆም፣ ድምፁን እንዲያወጣ፣ ጓደኛውን እንዲያዳምጥ ነው። ያ በ16 ዓመቱ ሊያልቅ የሚችል ሥራ ነበር።

ነገሩን የሚያስቆጨው ደግሞ ቴአትር በአገራችን ያደገው በትምህርት ቤት መሆኑ ነው። ከተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» በኋላ ቴአትርን ያቆዩት ተማሪዎችና መምህራን ናቸው። መልአኩ በጎሰው ተውኔት ያሳዩ የነበሩት በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የመጀመሪያ ተውኔቱን ጽፎ ያሳየው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ፣ በአምቦ የተማሪ ቤት ሳለ ነው። ትልቁ የቴአትር አዳራሽ፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ነው። ከአዳራሹ በፊት የተማሪው መድረክ ነበረ ማለት ነው።

ዮፍታሔን ካነሳሁ አይቀር ትንሽ ልቆይባቸው፤ ጎጃሜነቴ ነው፣ ታገሡኝ። የተወለዱት ደብረ ኤልያስ ነው፤ ከእኛ ከጅጋ ብዙም አይርቅም። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ቤቱ በስማቸው ይጠራል። እኒህ ሰው ወደ ተውኔት ሲገቡ የፈረንጅ ድራማ ትምህርት ቤት ገብተው አልነበረም። የመጡት ከቅኔ ቤት ነው።

ቅኔ ቤት ምን ያደርጋል? ተማሪው ቀን ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ማታ መምህሩ ፊት፣ ጓደኞቹ እየሰሙ፣ ይነግራል። መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል፣ ጎደሎ ከሆነ ይመልሰዋል። ሲበረታ በቤተ ክርስቲያን፣ በሕዝብ ፊት ቆሞ ይቀኛል። እንግዲህ ይፈጥራል፣ በሰው ፊት ያቀርባል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይሠራል። የሌላ ሰው ቅኔ ሸምድዶ የመጣ ተማሪ አዋቂ አይባልም።

አሁን ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ፤ ቶሎ እመልሳችኋለሁ። እንግሊዝ አገር ተማሪው ከ16 እስከ 18 ዓመቱ፣ ማለትም በእኛ 11ኛና 12ኛ ክፍል ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ትምህርት መርጦ ይማራል። «ድራማና ቴአትር» አንዱ ምርጫ ነው። ከውጤቱ 40 በመቶው በጽሑፍ ፈተና፣ 60 በመቶው በተግባር ሥራ ይያዛል። በቡድን ሆነው የራሳቸውን ድራማ ይፈጥራሉ፤ ከታወቀ ተውኔት አንድ ክፍል ይጫወታሉ፤ እንዴት እንደሠሩት ደግሞ በጽሑፍ ያስረዳሉ። ተዋናይ መሆን የማይፈልግ በመብራት፣ በድምፅ፣ በአልባሳት ወይም በመድረክ ዲዛይን ሊመዘን ይችላል። ሕያው ቴአትር ማየትም ግዴታ ነው።

እዚያም ቢሆን «ቀላል ትምህርት ነው» የሚል ወላጅ አይጠፋም፤ የሚመርጡት ተማሪዎች ቁጥርም ባለፉት ዓመታት ቀንሷል። ግን አሠራሩን ሳነበው ትዝ ያለኝ የቅኔ ቤቱ ተማሪ ነው። መፍጠር፣ ማቅረብ፣ መታረም፣ ማስረዳት። ይኼማ የእኛው ነው!

በእኛ ግን ምን ሆነ? በታችኛው ክፍል የክወናና የእይታ ጥበባት ትምህርት አለ። 11ኛና 12ኛ ላይ ሲደርስ ልጁ የሚታየው በሀገር አቀፍ ፈተናው ነው፤ ፈተናው ውስጥ ቴአትር የለም። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ስለ ተውኔት ስናስተምር «የተውኔት አላባውያንን ዘርዝር» እንላለን። ልጁም ይዘረዝራል። ሴራ፣ ግጭት፣ ገጸ ባሕርይ፣ ቃለ ተውኔት። ዘርዝሮ ሙሉ ያገኛል። አንድም ቀን ግን ተነስቶ አልተጫወተም። ዋና መዘርዘር ተምሮ ውሃ ሳይገባ እንደቀረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ይኼን ለመናገር ነው ከጅጋ ድረስ የመጣሁት።

አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። ድራማ ትጽፍ ነበር። አያቷ ሙግት አዋቂ ነበሩ፤ የድሮውን የበላ ልበልሃ ክርክር ከእሳቸው ሰምታ ታውቃለች። የጻፈችው ድራማ በእርሻ ድንበር ስለተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ነው። ሁለቱ በበላ ልበልሃ ሲሟገቱ ብትሰሟቸው ክፍሉ ችሎት ይመስላችኋል። ዳኛው በመጨረሻ «ድንበሩን የሚያውቅ ምስክር ማነው?» ይላል። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እናታቸው። ድራማው እዚህ ላይ ይቆማል። እናትየዋ ማንን ትከዳለች? ልጅቱ መጨረሻውን መጻፍ አቅቷት ሦስት ሳምንት ስትሠራበት ቆየች።

እኔ፣ የቴአትር ምሩቁ፣ ምን አልኳት? «ይቅርብሽ። ፈተናው ደርሷል። ድራማ ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ትደርሽበታለሽ።» ደብተሯን ከለከልኳት ማለት ይቻላል። እሷም «እሺ ቲቸር» አለች፤ ታዛዥ ልጅ ናት። ከክበቡ ወጣች።

ያ ዓመት 2014 ነበር። ፈተናው በ2015 መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተሰጠበት፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ የሆነበት ዓመት። እሷም ከብዙኃኑ ጋር ወደቀች። ድራማውንም አስጣልኳት፣ ውጤቱንም አላገኘች።

«ክበቡ ላይ ብትቆይ ታልፍ ነበር» አልልም፤ ያን ማንም አያውቅም። የምለው ሌላ ነው። ለፈተናው የሰዋሁት ነገር ትርፍ ጊዜ መስሎኝ ነበር። ልጅቱ በዚያ ድራማ ላይ የምትሠራው ግን ትልቁን ትምህርት ነው፤ ሕግ፣ ቋንቋ፣ የሰው ልብ። ተፈትና የምታልፈው፣ ውጤት የሚሰጣት፣ ወረቀት የሚጻፍላት ትምህርት ቢሆን ኖሮ እኔም «ይቅርብሽ» ለማለት አልደፍርም ነበር። የማይመዘን ነገር ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጣለው ነው።

ከዚያ በኋላ በአካባቢያችን የሆነውን ታውቃላችሁ። ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከረመ። ስንቅ ተሸክሞ የሚመጣው ልጅ ቤቱ ቀረ። ተመልሶ ሲመጣ በሰው ፊት አፉን የሚከፍትበት ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ጥያቄዬን «ሰላሙ ሲመለስ እናየዋለን» ብዬ ማቆየት አልቻልኩም።

እኔ ካሪኩለም ልቀይር አልመጣሁም፤ ያ የትምህርት ሚኒስቴር ሥራ ነው። ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነው። መምህሮቻችን፦ ለሁለት ዓመት፣ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ የሚሠራ፣ መብራትና አዳራሽ የማይጠይቅ፣ በሜዳ ላይ የሚካሄድ የቴአትር ትምህርት ዕቅድ አዘጋጁልን። የምዘና መስፈርቱም አብሮ ይኑር። እናንተ የድሮ ተማሪዎች ደግሞ፦ በዓመት አንዴ ወደ ተማራችሁበት ትምህርት ቤት ሂዱና የልጆቹን ሥራ ተቀምጣችሁ ተመልከቱ። እንደ ቅኔ መምህሩ ስሙ፣ አርሙ፣ የጎደለውን መልሱ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ልጅ ምን እንደሠራ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ፈርሙለት። ያቺ አንድ ገጽ ነጥብ ላትሆን ትችላለች። ግን እንደ እኔ ያለ ፈሪ መምህር «ይቅርብህ» ሲለው ልጁ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

ልጨርስ። በቅርቡ ቡሬ ሄጄ ያቺን ልጅ አገኘኋት። ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። አቅፋ ሳመችኝ፤ ስለ ፈተናው አላነሳችም። ሻይ አዘዘችልኝና «ቲቸር፣ እናትየዋን ምን እንደማደርጋት እኮ አሁን ገባኝ» አለችኝ። «ምን ታደርጊያታለሽ?» አልኳት። ሳቀችና «ልንገርህ? ማን ያየዋል ብዬ ልጻፈው?» አለች።

እኔ አያለሁ ብያታለሁ። ግን አንድ ተመልካች ለአንድ ድራማ አይበቃም። ለዚህ ነው እናንተን ልጠራ የመጣሁት።

 በሉ ወደ ምሳችሁ።