ጎርፍ ስለ ጎዳቸው ቤቶች ግብር

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ያደረጉት ንግግር። ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



የጥበቃውንና የመብራቱን ጉዳይ ሊቀ መንበሩ ስለ ተናገሩበት እኔ አልደግመውም። የእኔ ነገር በዚህ ክረምት ጎርፍ ቤታቸውን ስለ ጎዳባቸው ጎረቤቶቻችንና ስለሚከፍሉት ግብር ነው።

እንደምታውቁት በእኛ በአሶሳ ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ ቀዩ አፈር ይጠግብና ውኃው መሄጃ ያጣል። በታችኛው መንገድ ያሉት ቤቶች አብዛኞቹ በእንጨትና በቀርከሃ ተማግረው በጭቃ የተመረጉ ናቸው። እንዲህ ያለው ቤት ቆርቆሮው ደህና ሆኖ ሳለ ከሥሩ ነው የሚሄደው። ውኃ አንድ ሌሊት ከተኛበት ምርጉ ይረግፋል፣ ማገሩ ይበሰብሳል፣ ግድግዳው ያጋድላል። ከሩቅ ላየው ሰው ቤቱ ቆሟል፤ ገብቶ የሚያድርበት ግን የለም። መክፈያው ሲደርስ ታዲያ ወረቀቱ ልክ እንደ አምናው ነው የሚመጣው። ዘመድ ቤት የተጠጉ አንዲት እናት «የቱን ጣሪያና ግድግዳ ነው የምከፍለው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ መልሱን ግን ለያይተን ማየት አለብን።

ግብሩ አንዱ የቦታ፣ ሌላው የቤት ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆነ፤ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 80 የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ተለይተው ተደነገጉ። የቦታው በስፋቱና በደረጃው ይታሰባል። የቤቱ ግን «ቢከራይ በዓመት ስንት ያወጣል» በሚለው ግምት ላይ ነው የተመሠረተው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጎርፉ ቦታውን አልወሰደውም፣ ስለዚህ የቦታውን ኪራይ አንከፍልም ብንል ሰሚ አናገኝም። ግድግዳው ያጋደለ ቤት ግን ማን ይከራየዋል? ቅር የሚያሰኘው በዚህ ቤት ላይ የአምናው ግምት ሳይነካ መቀመጡ ነው፤ የምንጠይቀውም እዚህ ላይ ነው።

በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። በዚህኛው ስሌቱ ወደ ንብረቱ ዋጋ ዞሯል፤ ለሕንፃ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ፣ ለቦታ ከ0.2 እስከ 1 በመቶ ነው። ዝርዝሩ ለክልሎች ሕግ ተትቷል። ይኸ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። በዋጋ የሚከፈል ከሆነ ዋጋው ሲወድቅ ግብሩም መውረድ አለበት። ቤት ሲታደስ ገማች ቶሎ ይመጣል፤ ሲፈርስም በዚያው ፍጥነት ይምጣ ነው የምንለው። ይኸው በክልላችን ሕግና መመሪያ በግልጽ እንዲሰፍር ማኅበሩ በጽሑፍ ይጠይቃል።

ይኸ ከእኛ የተጀመረ ነገር አይደለም። በአሜሪካ አገር ቴክሳስ በሚባለው ግዛት በ2019 እ.ኤ.አ. ሕግ ወጥቶ፣ ጉዳቱ ከ15 በመቶ ላላነሰ ቤት በደረጃ በደረጃው ይቀነስለታል፤ 15፣ 30፣ 60፣ ጨርሶ ለጠፋው 100 በመቶ። ቅነሳው የሚታሰበውም ለቀሪው የዓመቱ ክፍል ነው። በደረጃ መሆኑን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ለእኛ አይሆንም፤ እዚያ የግዛቱ ገዥ አስቀድሞ አደጋ መሆኑን ማወጅ አለበት። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ሲመታ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ቤት አልባ ሆኗል፤ ያንን አገር ሁሉ ሰማው። የእኛው ጎርፍ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን፣ ሰው አልገደለም። አምስት ስድስት ቤት ያጋደለ ውኃ በሬዲዮ አይነገርም። ለባለቤቱ ግን ያው ቤቱ ሄዷል። ስለዚህ የሚታየው የጎርፉ ትልቅነት ሳይሆን የእያንዳንዱ ቤት ጉዳት ይሁን።

እዚህ ላይ ግልጽ ልናገር፣ የሚቀየመኝም ይቀየመኝ። አጥሩ ብቻ የወደቀበት፣ ግቢው ብቻ የጨቀየበት ሰው በዝርዝሩ አይገባም። ቦይ የሚቆፈረው ከዚሁ ከምንከፍለው ነው፤ ሁላችንም እንማር ካልን የሚመጣው ክረምት የላይኛውንም ሰፈር ይወስደዋል። (ቦዩን የማንጎ ፍሬና ፌስታል የምትሞሉበት ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ስም አልጠራም።) ቤት አከራይታችሁ ግብር የተቀነሰላችሁም፣ ለተከራዩ ሳትቀንሱ ብትቀሩ ማኅበሩ ዝም አይልም።

አሁን ወደ ሥራው። ግድግዳው ሳይመረግ፣ ፍርስራሹ ሳይነሣ በስልክ ፎቶ አንሡት፤ ከውስጥም ከውጭም። ከመረጋችሁት በኋላ ማንም አያምናችሁም። ከቀበሌ የጉዳት ማረጋገጫ ደብዳቤ ጠይቁ፣ ቁጥርና ማኅተም ይኑረው። የይዞታ ካርታውንና የአምናውን ደረሰኝ ቅጂ አያይዙ። ማመልከቻው ላይ «ግብር አልከፍልም» አትበሉ፤ «ቤቱ እንደገና ይገመትልኝ፣ እስኪገመትም ቅጣት አይታሰብብኝ» በሉ። መዝገብ ቤት ስትሰጡ በቅጂው ላይ ቀን አስጽፋችሁ ያዙ፤ ያለዚያ «አልደረሰንም» ትባላላችሁ። መልስ እስኪመጣ የቦታውን ኪራይ በጊዜው ክፈሉ።

ለማመልከቻ ጻፊ ገንዘብ አታውጡ። መጻፍ ለማትችሉ፣ በተለይ ለአረጋውያን፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ማኅበሩ ቤት ተቀምጬ እጽፋለሁ። አማርኛ ለማይቀናቸው በርታኛ የሚያስተረጉም ልጅ አብሮኝ አለ። ካርታችሁን ውኃ ያበላሸባችሁ ግን እስከ ቅዳሜ አትጠብቁ፤ አሁን ስትወጡ በር ላይ ስማችሁን አስመዝግቡ፣ የምትክ ካርታውን ጥያቄ በአንድ ደብዳቤ አጠቃለን ሰኞ እናስገባዋለን።