የሌሊት ሥራ በነዳጅ ማደያ
(በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሊቀ መንበራችን «ስለ ወንጀል አንድ ነገር በልልን» ስላሉኝ ቆምኩ እንጂ ንግግር የማውቅ ሰው አይደለሁም። የደረሰብኝን ብቻ ላጫውታችሁ።

ዋሽንግተን በገባሁ በአምስተኛው ወር፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በአንድ ነዳጅ ማደያ ሌሊት ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። በዚያ ዓመት በከተማይቱ ከ470 ሰው በላይ ተገድሏል። ለእኔ ግን ይህን ማን ነግሮኝ! አሜሪካ ማለት መብራትና ሥራ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ልጅ እግር ገብቶ ሲጋራ ጠየቀኝ። ሲጋራውን አንስቼ ዞር ስል ሽጉጥ ደግኗል። ያችን የለመድኳትን እንግሊዝኛ እንኳ ጠፋችብኝ። መሳቢያውን እንዳለ ሰጠሁት። የእሱም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይኸው እስካሁን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ፖሊስ አልጠራሁም። እኛ እኮ ያደግነው የጥበቃ መኪና ድምፅ ስንሰማ መብራት እያጠፋን ነው። የመኖሪያ ወረቀቴም ገና አላለቀም። ለባለቤቱ «ሒሳብ ጎደለብኝ» ብዬ ከደመወዜ ከፈልኩ።

በሳምንቱ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለ ሱቅ ውስጥ አንድ ያገራችን ልጅ በጥይት ተመቶ ሞተ። ገዳዩ ያው ልጅ ይሁን ሌላ፣ አላውቅም። እኔ መልኩን ተናግሬ ቢሆንስ? ይህ ጥያቄ አልለቀቀኝም።

ያኔ እድራችን አልተቋቋመም። አስከሬኑን አገር ቤት ለመላክ ከቤት ቤት እየዞርን ለመንን። ለወንጀል ተጎጂዎች የሚከፈል ካሣ መኖሩን የነገረን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ከወንጀለኞች የሚሰበሰበው መቀጫ ለየስቴቱ የካሣ ፈንድ ይረዳል፤ ፈንዱም ለሕክምናና ለቀብር እስከ ተወሰነ መጠን ይከፍላል። ታዲያ ባብዛኛው ወንጀሉ ለፖሊስ መመልከት አለበት፤ የማመልከቻ ጊዜም አለው። ዝም ያለ ሰው ይቀርበታል።

ዛሬ የግድያው ቁጥር ቀንሷል፤ በ2024 187 ነበር። ለሟቹ ቤተሰብ ግን ቁጥር ምን ያደርግለታል! ቋንቋም እንደ ድሮው አያሳስብ፤ ከ2004 ወዲህ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ሕግ ያዛል፤ አማርኛም አለበት።

ሥራ አስፈጻሚው የካሣውን ማመልከቻ ፎርም ከመዋጮ ደብተሩ ጋር እንዲያስቀምጥልን አሳስባለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት በሆዱ የያዘ ሰው ካለ ሻይ ላይ ይጥራኝ። ጣቢያ ድረስ አብሬው እሄዳለሁ።